ንቃተ ህሊና ምንድን ነው? በሬስ አለው?

«በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ፣ ገደሉን ሳታይ» እንላለን። አያስብም የምንለውን በሬ «ሆይ» ብለን ጠርተን እንወቅሰዋለን ማለት ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ገበሬ ሲያርስ ቆማችሁ ሰምታችሁ ከሆነ ደግሞ ወቀሳ ብቻ አይደለም። በሬውን በስሙ ይጠራዋል፣ ይሰድበዋል፣ ያሞግሰዋል፣ ሲደክመው «አይዞህ» ይለዋል። ማታ እሳት ዳር ያንኑ ሰውዬ «ለመሆኑ በሬ ውስጡ ምን ይሰማዋል?» ብትሉት ግን ይስቅባችኋል። «እንስሳ አይደል እንዴ! ደመ ነፍስ ነው» ይላል። አለቀ።

እኔ ደግሞ አላለቀም ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ፣ ምክንያቱም ንቃተ ህሊና ብዙ ሥራ የበዛበት ቃል ነው። በአብዮቱ ዘመን ወጣት የነበሩ ሰዎች ሲሰሙት የሰፊው ሕዝብ ንቃተ ህሊና፣ ስብሰባና መፈክር ትዝ ይላቸዋል (አህያ በዚያ ትርጉም እንዲነቃ ማንም አልጠየቀም)። ሐኪም ቤት ሲባል ደግሞ ሕመምተኛው ራሱን ስቷል አልሳተም ነው ጉዳዩ። ፈላስፎቹ የሚሉት ከሁለቱም ይለያል። አንድ ነገር ሲደርስብህ ከውስጥ የሚሰማህ ነገር መኖሩን ነው ንቃተ ህሊና የሚሉት። ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን ከብርድ ልብስ ስትወጣ የሚገርፍህን ብርድ አስበው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትርም ብርዱን ያውቀዋል፤ እንዲያውም ካንተ በላይ በትክክል ይለካዋል። ግን ቴርሞሜትሩን አይበርደውም። አንተን ይበርድሃል። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ጥያቄውም በሬው በየትኛው ወገን ነው የሚል ነው።

ቶማስ ኔግል የሚባል አሜሪካዊ ፈላስፋ በ1974 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ይህንኑ ስለ ሌሊት ወፍ ጠየቀ። የሌሊት ወፍ ድምፅ አውጥታ፣ ገደል ማሚቶውን እየሰማች ነው በጨለማ የምትበረው። ይህን አሠራር አንድ በአንድ ማጥናት ይቻላል። ሁሉንም አጥንተህ ስትጨርስ ግን ለራሷ ለወፏ ያ ነገር እንዴት እንደሆነ አሁንም አታውቅም። ከውጭ የቱንም ያህል ብትለካ ውስጡ ላይ አትደርስም።

«ታዲያ ሲመቱት ይጮኻል፣ ሲያቃጥሉት ይሸሻል፣ ይህ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን እንጀራ ስትጋግሩ ምጣዱ ጣታችሁን ነክቷችሁ ያውቃል? እጃችሁ የሚሸሸው አንጎላችሁ ሳያውቅ ነው። ትእዛዙን የሚሰጠው ጀርባ ውስጥ ያለው ሕብለ ሰረሰር ነው፤ «እፍ!» የሚያሰኘው ቃጠሎ የሚመጣው እጁ ከሸሸ በኋላ ነው። ስለዚህ መሸሽና መታመም ሁለት ነገር ናቸው። ከዚህም የባሰ አለ። አንጎላቸው ውስጥ የእይታው ክፍል የተጎዳባቸው አንዳንድ ሰዎች «ምንም አይታየኝም» ይላሉ፤ እስቲ ዝም ብለህ ገምት ሲባሉ ግን ዕቃው ያለበትን ቦታ በጣታቸው ይጠቁማሉ። ሳያዩ ያያሉ። ሰው ይህን ከቻለ፣ በሬው ገደሉን አይቶ መመለሱ ብቻውን ከውስጥ ምን እንደሚሰማው አይነግረንም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት እንስሳ እንደ ሰዓት ያለ ማሽን ነው ያለው ዝም ብሎ ጨካኝ ስለነበረ አልነበረም። ነገሩ በቀላሉ አይረታም።

ብልጥነትም አያድነንም። በ2001 እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ አጠገብ ያሉ ተመራማሪዎች በጎች የ50 በጎችን ፊት ለይተው ከሁለት ዓመት በላይ እንደሚያስታውሱ አሳዩ። የመንዝን በግ ያሳደገ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም፤ ሰውን «በግ» ብሎ መስደብ ግን ትንሽ ሊያሳፍረው ይገባል። ይሁንና ስልኬም ፊቴን ያውቃል። መለየት ሌላ፣ መሰማት ሌላ።

እኔን የበለጠ ያሳመነኝ የዶሮዎቹ ነገር ነው። በ2000 በወጣ ጥናት፣ እግራቸውን የሚያነክሱ የሥጋ ዶሮዎች ሁለት ዓይነት መኖ ቀረበላቸው። አንደኛው ውስጥ የሕመም ማስታገሻ አለበት። አንካሶቹ ከጤነኞቹ ይልቅ መድኃኒት ያለበትን አብዝተው በሉ፣ ማነከሳቸው በባሰ መጠንም አብዝተው መረጡት። ሕብለ ሰረሰር እግር ያሸሻል እንጂ መኖ አይመርጥም። ዶሮዋ ሕመሙን ከሆነ ነገር ጋር አመዛዝናለች፤ የሚሻላትንም ለይታለች። ማረጋገጫ ነው አልልም። ማሽን ነው የሚለው ሰው ግን ከዚህ በኋላ ብዙ ማብራራት አለበት።

አሁን ወደ «ደመ ነፍስ» እንመለስ፣ ምክንያቱም የእኔ ጠብ ከዚህ ቃል ጋር ነው።

ልጅ ሆኜ ክረምቱን መንዝ አያቴ ዘንድ ነበር የማሳልፈው። አንድ ዓመት የቡሬ ጥጃ ሞተ። ላሚቱ ወተቷን ያዘች፤ አያቴ ብታሻሽም፣ ብታባብልም ጠብ አላለም። በማግስቱ አጎቴ የጥጃውን ቆዳ ገለባ ጠቅጥቆ ሰፋውና፣ ጨው ነስንሶ ከፊቷ አቆመው። እግር የለው፣ ዓይን የለው፣ ሆዱ ላይ ገለባው በስፌቱ መሃል ወጥቷል። ቡሬ መጣች። አሸተተችው። ቆየች። ከዚያ ከአንገቱ ጀምራ ትልሰው ጀመር፣ በጉሮሮዋ የምታሰማው ዝቅ ያለ ድምፅ ነበር፣ ለሌላ ጊዜ የማታወጣው። ወተቱም ማለቢያው ውስጥ ሲፏጭ ሰማሁ። «እምዬ፣ ጥጃዋ መስሏት ነው?» አልኳት። «ምን መስሏት! ገለባ መሆኑንማ ታውቃለች» አለችኝ ቀና ሳትል። «ጠረኑ ነው እንጂ።»

ነገሩ ሲብራራ ቀላል ነው። የጥጃው ጠረን ሲሸታት አንጎሏ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ይለቃል፣ ሆርሞኑ ጡቷን ያዝዛል፣ ወተት ይወርዳል። ደመ ነፍስ! ግን ያው ሆርሞን ነው የምታጠባ ሴት ልጇ ሲያለቅስ ስትሰማ ወተቷን ቀሚሷ ላይ የሚያፈሰው። እሷን ማንም «ሆርሞን ስለሆነ ምንም አልተሰማሽም» አይላትም። ጅብ ያባረረው ሰውም «በደመ ነፍሴ ሮጥኩ» ይላል። የት እንደረገጠ አያውቅም፤ ፍርሃቱን ግን አሳምሮ ያውቀዋል። ደመ ነፍስ ድርጊቱ ከየት እንደመጣ ይነግረን ይሆናል እንጂ፣ ውስጥ ባዶ ነው ማለት አይደለም። እኛ ግን ቃሉን እንደ መዝጊያ ነው የምንጠቀምበት።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት እንኳ ከእኛ ይልቅ ይጠነቀቃሉ። የሰውን ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ይሏታል፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ሥጋ ሲሞት አትሞትም። የእንስሳ ነፍስ በደሟ ናት፣ ከደሟ ጋር ታልፋለች። ልብ ካላችሁ ለእንስሳ የተነፈጉት ማሰብ፣ መናገርና ዘላለማዊነት ናቸው። መሰማት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። መጽሐፈ ምሳሌም 12፡10 ላይ ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ይራራል ይላል፤ ለማይሰማው ነገር ማን ይራራል?

ሳይንቲስቶቹም ቀስ በቀስ ወደዚያው እየመጡ ነው። በ2012 ካምብሪጅ ላይ የተሰበሰቡ የአንጎል ተመራማሪዎች ንቃተ ህሊናን የሚያስገኘው የአንጎል አሠራር የሰው ብቻ እንዳልሆነ አወጁ። በ2024 ኒው ዮርክ ላይ የወጣው መግለጫ ደግሞ ለአጥቢዎችና ለአእዋፍ ማስረጃው ጠንካራ ነው አለ፤ ለዓሣ፣ ለእንቁራሪት፣ ለሸርጣንና ለነፍሳት ሳይቀር ዕድሉ በቁም ነገር ሊታይ ይገባል ሲል ጨመረ። እንግሊዝ በ2022 ባወጣችው የእንስሳት ሕግ ሸርጣንንና ኦክቶፐስን አካታለች። እኔ ቁንጫ ላይ ስደርስ ትንሽ እደክማለሁ፣ እውነቱን ለመናገር።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን እዚሁ ደጃችን የተጻፈው ነው። ጓሳ ላይ፣ መንዝ ውስጥ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች ልጃቸው የሞተባቸውን እናቶች መዝግበዋል። ሬሳውን አይጥሉትም። ይዘውት ይዞራሉ፣ ሣር ሲነጩ አጠገባቸው ያስቀምጡታል፣ መንጋው ሲነሣ አንሥተው ይሄዳሉ። አንዳንዷ አንድ ቀን ብቻ ትይዘዋለች። እስከ 48 ቀን የያዘችም ተገኝታለች፤ በዚያ ብርድ ደርቆ ቆዳና አጥንት ብቻ ሆኖ። መሞቱን አልተረዳችም ይሆን? ተረድታ መተው አቅቷት ይሆን? ወይስ እጇ ልጅ መያዝ ስለለመደ ብቻ? ጥናቱ ያዩትን ይናገራል፣ ልቧን አይናገርም።

ባለፈው ፋሲካ ይህን ለአያቴ አወራሁላት። አሁን አርጅታለች፣ ላም ማርባት ካቆመች ቆይቷል። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ የገለባው ጥጃ ትዝ ብሏት መሰለኝ፣ «እሷንስ ታዲያ ማን ሊያልባት ነው?» አለችኝ።