ፕላሴቦ ምንድን ነው? የጥብስ ቅጠልና የወንዶች ራሰ በራ

ባሕር ዳር ውስጥ ፀጉሩ ከግንባሩ መሸሽ የጀመረ ወንድ ምክር አያጣም። ፀጉር አስተካካዩ የጉሎ ዘይት ይላል፣ አክስት ጥቁር አዝሙድ፣ ጎረቤት እሬት። አሁን አሁን ደግሞ ወሬው ሁሉ የጥብስ ቅጠል ዘይት ሆኗል። "እኔማ በቅሎልኛል" የሚል ሰውም አይጠፋም። አይዋሽም፣ ያየውን ነው የሚናገረው። ግን ያበቀለው ቅጠሉ ነው?

ይህን ለመለየት ነው ፕላሴቦ የሚያስፈልገው። ፕላሴቦ ማለት በሁሉም ነገር መድኃኒቱን የሚመስል፣ የሚፈተነው ነገር ብቻ የሌለበት ነው። ለቅባት ከሆነ ያው ዘይት፣ ያው ጠርሙስ፣ ያው ማታ ማታ ማሸት፤ ቅጠሉ ብቻ የለም። ማን የትኛውን እንደሚቀባ በዕጣ ይለያል። የሚቀባውም ሆነ ፀጉሩን የሚቆጥረው ለማን ምን እንደደረሰ አያውቁም።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ፀጉር በራሱ ጊዜ ረግፎ በራሱ ጊዜ የሚመለስበት አጋጣሚ ስላለ ነው። ጣና ዳር የኖረ ሰው ወባን ያውቃታል። ኃይለኛ ትኩሳት ካለፈ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ፀጉር እፍኝ እፍኝ ሊረግፍ ይችላል። ሰውዬው ደንግጦ ቅባት ይጀምራል። እንዲህ ያለው መርገፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ያለምንም ሕክምና ይስተካከላል። ምስጋናውን ቅጠሉ ይወስዳል! በዘርና በወንዴ ሆርሞን የሚመጣው ራሰ በራ ሌላ ነው። እሱ ፀጉሩን ቀስ በቀስ እያቀጠነ ይሄዳል እንጂ እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

ፋርማሲ የሚሸጠው፣ ራስ ላይ የሚቀባ የፀጉር መድኃኒት ሚኖክሲዲል በዚህ ወንፊት ያለፈ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 393 ወንዶች ለ48 ሳምንት ተቀቡ። ባለ 5 በመቶውን የተቀቡት በካሬ ሴንቲ ሜትር በአማካይ 18.6 ፀጉር ጨመሩ፣ ባለ 2 በመቶውን 12.7፣ ፕላሴቦውን 3.9። ልብ በሉ፣ ባዶውን የተቀቡትም ጨምረዋል።

የጥብስ ቅጠሉን ስም ያገነነው በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የኢራን ጥናት ነው። 100 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ለ6 ወር ከፊሉ የቅጠሉን ዘይት፣ ከፊሉ ባለ 2 በመቶ ሚኖክሲዲል ተቀቡ። ሁለቱም ጥቂት ጨመሩ፣ የጎላ ልዩነትም አልታየም። "እኩል ናቸው" የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። ችግሩ ፕላሴቦ የተቀባ ሦስተኛ ቡድን አልነበረም። ያቺን ጥቂት ጭማሪ ባዶ ዘይትም ያመጣት እንደነበር ከዚህ ጥናት መለየት አይቻልም። ለእኔ ይህ ቀዳዳ ትንሽ አይደለም።

የዕፅዋት ቅባት ሲፈተን ደግሞ ትልቁ ራስ ምታት ሽታ ነው። የጥብስ ቅጠልን እኛ ከምጣዱ እናውቀዋለን። ጠርሙሱን ከፍቶ ጥብስ ጥብስ ያልሸተተው ሰው ባዶው እንደደረሰው ወዲያው ይገባዋል። ከዚያ ወይ ተሰላችቶ መቀባቱን ይተዋል፣ ወይ ለቆጣሪው ያወራል፤ የዕጣው ጥቅም እዚያው ላይ ያበቃል። ስለዚህ ሽታውን የሚሸፍን ሌላ መዓዛ ሁለቱም ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ያ መዓዛ ራሱ ፀጉር የሚነካ ከሆነ ግን ሥራው እንደገና ከሀ ይጀመራል።