«ድንግል መሬት» እና ሌሎች ስህተቶች፦ ኢኮፌሚኒዝም ልብ ወለድን ሲያነብ

በሴት ላይ የሚደርሰው ጭቆናና በተፈጥሮ ላይ የሚደርሰው ብዝበዛ ምንጫቸው አንድ ነው የሚለው አመለካከት ኢኮፌሚኒዝም ይባላል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1974 ያስተዋወቀችው ፈረንሳዊቷ ፍራንስዋዝ ዶቦን ናት። ወደ ልብ ወለድ ሒስ ሲመጣ ግን ያልሆነውን ሲሉት እንሰማለን።

«ሴት በተፈጥሮዋ ለተፈጥሮ ቅርብ ናት ይላል»

በብዛት የሚያጋጥመኝ ይኸኛው ነው። እርግጥ እንዲህ የሚሉ ኢኮፌሚኒስቶች አልጠፉም፤ ስህተቱ ከባዶ ሜዳ አልተነሣም። አውስትራሊያዊቷ ፈላስፋ ቫል ፕለምዉድ በ1993 ባሳተመችው መጽሐፍ የጻፈችው ግን ሌላ ነው። ወንድና ሴት፣ አእምሮና አካል፣ ባህልና ተፈጥሮ እየተባለ ዓለም ለሁለት ሲከፈል አንዱ ወገን ገዢ፣ ሌላው ተገዢ ይሆናል። ሴትና ተፈጥሮ ጎን ለጎን የተገኙት በዝምድና ሳይሆን አንድ ጎራ ስለተመደቡ ነው። ኢኮፌሚኒስት ሐያሲ የምትጠይቀውም ይህን ድልድል ማን እንዳወጣው ነው።

«ምድርን እናት ማለት ክብር ነው»

አንዳንዴ ነው። ለምሳሌ ያህል ይህችን ዓረፍተ ነገር ልፍጠር፦ «መሬቷ ድንግል ነበረች፤ ማረሻ ያልነካት፣ ጌታዋን የምትጠብቅ።» ስትነበብ ታምራለች። ግሶቹን ተራ በተራ እንያቸው፤ መሬቷ ያደረገችው ነገር ቢኖር መጠበቅ ብቻ ነው። «ድንግል» ከተባለች ደግሞ ቀድሞ እዚያ ይኖር የነበረው ሕዝብ በአንዲት ቅጽል ከታሪኩ ወጣ ማለት ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ አኔት ኮሎድኒ በ1975 ባወጣችው ጥናት በአሜሪካ ጽሑፎች ውስጥ ያገኘችው ይህን መሰሉን ነው፤ ምድሪቱ አንዴ እናት፣ አንዴ ድንግል ሆና ትሣላለች።

ነገሩ እዚህ አያበቃም። የታሪክ ምሁሯ ካሮሊን መርቸንት በ1980 እንዳሳየችው፣ ምድር ሕያው እናት ናት ተብሎ በሚታመንበት ዘመን ለማዕድን ሆዷን መቆፈር ነውር ይመስል ነበር። የጥንቱ ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ ይህን ቁፋሮ ወቅሶ ጽፏል። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ምድር እንደ ማሽን መታየት ስትጀምር ያ ይሉኝታ ላላ። ስለዚህ «እናት» የሚለውን ቃል ባየን ቁጥር መቆጣት የለብንም። ጥያቄው ይህ ነው፤ ቃሉ በታሪኩ ውስጥ የሚቆፍረውን እጅ ይይዛል ወይስ ይገፋል?

«ሴት ያልጻፈችው፣ ገጠር ያልተቀመጠ ታሪክ አይመለከተውም»

ይመለከተዋል። ወንድ የጻፈው፣ ከፎቅ የማይወርድ የከተማ ልብ ወለድም በዚሁ ዓይን ይነበባል። የፋብሪካው ፍሳሽ በማን ደጅ እንደሚያልፍ መጠየቅ ይበቃል።

«ሴቶች ሁሉ ተፈጥሮን የሚያዩት በአንድ ዓይን ነው»

ህንዳዊቷ የምጣኔ ሀብት ምሁር ቢና አጋርዋል በ1992 ይህን ሞግታለች፤ ግንኙነቱን የሚወስነው ሥራው፣ ንብረቱና መደቡ ነው። በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ ወንዝ ዳር ቆማ የምትተክዝ ባለርስትና ከዚያው ወንዝ ውሃ የምትቀዳላት ሠራተኛ አንድ ወንዝ አያዩም። ለአንዷ ትዝታ፣ ለሌላዋ ጀርባዋን የሚያጎብጥ ሸክም ነው።

«ሴቲቱ ከተፈጥሮ ጋር ስትዋሃድ ነጻ ወጣች»

በ2007 የታተመው የደቡብ ኮሪያዊቷ ሃን ካንግ «አትክልት ተመጋቢዋ» ብዙ ጊዜ እንዲህ ይነበባል። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ዮንግ-ሄ ሥጋ መብላት ታቆማለች፤ ውላ አድራ ምግብ ሁሉ ትተዋለች፣ ዛፍ መሆን ትሻለች። እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንደ ድል ቆጥሬው ነበር። ግን ማን ነው የሚተርከው? የመጀመሪያውን ክፍል ባሏ ይተርካል፤ ሁለተኛው የእህቷን ባል ይከተላል፣ ሦስተኛው እህቷን። እሷ ያላት ጥቂት የሕልም ቁርጥራጭ ነው። አባቷ ሥጋ በግድ አፏ ውስጥ ሲከት የምናየው በባሏ ዓይን ነው። መጨረሻ ላይ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ዛፎች በእጃቸው እንደሚቆሙ አምና በእጇ ትቆማለች። በቱቦ ሊመግቧት ሲታገሉም ትረካው እህቷን እንጂ እሷን አይከተልም።