ያልተካፈሉት ውሃ፦ ከሆሎኮስት የተረፉ ሰዎች ስለጻፏቸው መጻሕፍት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሆሎኮስት፣ ማለትም ናዚዎች አይሁዶችን ከፈጁበት እልቂት፣ የተረፉ ሰዎች የጻፏቸውን መጻሕፍት ሳነሳ ሁለት ዓይነት መልስ አገኛለሁ። አንዱ «ውይ፣ እሱን አልችልም» ይለኛል። ሌላው እንደ ማበረታቻ ጥቅስ ያነባቸዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። በአንድ ሰው፣ በጣሊያናዊው ፕሪሞ ሌቪ በኩል ላስረዳ። ሌቪ የቱሪን ከተማ ኬሚስት ነበር። በ1944 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አይሁዳዊ በመሆኑ ናዚዎች በፖላንድ ወዳቋቋሙት ኦሽዊትዝ የተባለ የእስርና የግድያ ካምፕ ተጋዘ። ክንዱ ላይም 174517 የሚል ቁጥር ተነቀሰ።

«የተረፉት ለዓመታት ዝም ብለው ነበር»

ብዙዎቹ ተናግረዋል፤ የጠፋው ሰሚ ነው። ሌቪ አገሩ እንደገባ መጻፍ ጀመረ። «ይህ ሰው ከሆነ» የሚለውን መጽሐፉን ኤይናውዲ የተባለው ትልቅ አሳታሚ አልቀበልም አለ። በ1947 አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት 2,500 ቅጂ አሳተመለት፤ እሱም ተሸጦ አላለቀም። ያው ኤይናውዲ ከ11 ዓመት በኋላ መልሶ አወጣው።

«ክብርን መጠበቅ የጀግና ሥራ ነው»

ካምፕ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሌቪ መታጠብ ተወ። ሳሙና የለም፣ ውሃው ቆሻሻ ነው፤ ምን ያደርግልኛል ብሎ ነው። ሽታይንላውፍ የሚባል፣ ወደ 50 ዓመት የተጠጋ የቀድሞ ወታደር ግን በዚያው ውሃ አንገቱንና ትከሻውን ይፈትጋል። ሌቪን ገሠጸው። ይህ ካምፕ እኛን አውሬ ሊያደርገን ነው የተሠራው፤ እሺ አለማለት ብቻ ነው የቀረን፤ ስለዚህ ያለ ሳሙናም ቢሆን ታጠብ አለው።

ጥቅስ የሚለጥፉ ሰዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ሌቪ ግን ይቀጥላል፤ ምክሩ ሙሉ በሙሉ እንዳላሳመነው በግልጽ ጽፏል። ይህን አለመደበቁ ነው መጽሐፉን እንዳምነው የሚያደርገኝ።

«ርኅራኄ ካለ ይቅርታም አለ»

የለም። ሌቪ ጥላቻን አይወድም፤ ሆን ብሎም በለቅሶ ሳይሆን በተረጋጋ የምስክር ቋንቋ ጻፈ። ይቅር ብለሃል ወይ ሲባል ግን በሥራው መጸጸቱን ያላሳየን ሰው ይቅር አልልም ነው ያለው።

«እዚያ ደግ ሰው አልነበረም»

ሎሬንዞ ፔሮኔ ነበር። ግንበኛ ነው። እስረኛ ሳይሆን በኦሽዊትዝ አካባቢ የሚሠራ ጣሊያናዊ ሠራተኛ። ለስድስት ወር ያህል ለሌቪ ዳቦና የተረፈ ሾርባ በድብቅ ያደርስለት ነበር። የተጣጣፈ ልብስ ሰጠው፤ ወደ አገር ቤትም ደብዳቤ ጻፈለት። ቢያዝ መዘዙ ከባድ ነበር። በምላሹ ምንም አልፈለገም።

እኛ ደግ ሲገጥመን «እሱ እኮ ሰው ነው» እንላለን አይደል? ሌቪም እኔ ራሴ ሰው መሆኔን ያልረሳሁት በሎሬንዞ ነው ብሏል። ለሁለቱም ልጆቹ የሱን ስም አካፈላቸው። የሎሬንዞ መጨረሻ ግን አላማረም። ያየው ነገር ሰበረው፤ መጠጥ ውስጥ ገባና በ1952 ሞተ።

«የተረፉት ከሁሉ የተሻሉት ናቸው»

ሌቪ ተቃራኒውን ነው የሚለው፤ ከሁሉ የተሻሉት ሞተዋል። ምስክር አድርጎ ያቀረበውም ራሱን ነው።

ነሐሴ 1944፣ ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ውሃ ጥሙም እንደዚያው። ሌቪ ፍርስራሽ ሲያነሣ አንድ ቧንቧ አገኘ። ውስጡ አንድ ሊትር ያህል ውሃ አለ። ለሁሉም ላካፍል? ወይስ ብቻዬን ልጠጣው? ከልብ ጓደኛው ከአልቤርቶ ጋር ተጋድመው ተራ በተራ ጠጡት፤ ለሌላ ለማንም ሳይናገሩ።

ወደ ካምፕ ሲመለሱ ዳንኤሌ የሚባል ባልደረባቸው ከሌቪ ጎን ሆኖ ይሄድ ነበር። ሲሚንቶ ለብሷል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ግድግዳው ሥር ተጋድመው አይቷቸው ስለነበር ጠርጥሯል። ከወራት በኋላ፣ ነፃ ከወጡ በኋላ፣ «ለምን እናንተ ሁለታችሁ? እኔስ?» ሲል ሌቪን ጠየቀው።

ሌቪ ይህን ታሪክ በሌላ መጽሐፉ ያሳተመው በ1986፣ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። ከዳንኤሌ ጋር ሲገናኙ ያ ያልተካፈሉት ውሃ ሁልጊዜ በመካከላቸው ይቆም እንደነበር ጽፏል።