ኤምአርአይ ላይ «ነጭ ነጠብጣብ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ባለፈው እሁድ ሐዋሳ፣ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። የኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳይ ምርመራ) ውጤቷን ከፖስታው አውጥታ ሰጠችኝ። ማይግሬን የሚባለው ከባድ ራስ ምታት ከወጣትነቷ ጀምሮ አልተለያትም። አንዱን መስመር በእስክሪብቶ አስምራበታለች፦ «በአንጎል ነጭ ክፍል ላይ ነጠብጣቦች ታይተዋል።»

«ልጄ፣ ስማችሁም ሊጠፋኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሲኒውን የያዘ እጇ ይንቀጠቀጣል።

ነጩ ክፍል የአንጎል ክፍሎችን እርስ በርስ የሚያገናኙ መስመሮች ያሉበት ነው። እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ቁጠሩት። ነጠብጣቦቹ ብዙ ጊዜ የሚመጡት ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲጎዱ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ብዙ ሰው ላይ ይታያሉ። የደም ግፊት ደግሞ ያባብሳቸዋል።

ማይግሬንስ? ተመራማሪው ቶቢያስ ኩርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ በጣም ይረዳል። ፈረንሳይ፣ ናንት ከተማ የሚኖሩ 780 አረጋውያንን አዩ። ማይግሬንን ጨምሮ ከባድ ራስ ምታት የነበረባቸው ሰዎች ነጠብጣባቸው በዛ ያለ ሆኖ ተገኘ። የማሰብና የማስታወስ ፈተና ላይ ግን ራስ ምታት ከሌለባቸው አላነሱም።

ሰው የሚደናገጠው «ተያያዥነት አለው» የሚለውን ሲያነብ ነው። ሁለት ነገር አብሮ ታየ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። «ነጠብጣብ ታየ» ማለትም «መርሳት ጀመረ» ማለት አይደለም። መርሳቱ የዕለት ኑሮን ማወክ ከጀመረ ግን ያኔ ሐኪም ይየው።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ግፊቷን መቼ እንደተለካች ስጠይቃት «ፋሲካ ሰሞን መሰለኝ» አለች። ነገ ጠዋት አብረን ሄደን እንለካለን።