“ቀላል ቦርድ” የሚባል ነገር አለ? እንግሊዝ አገር ልጅ ለሚያስተምሩ ወላጆች

በአገራችን የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚያወጣው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። እንግሊዝ አገር ግን እንዲያ አይደለም። ልጆች 16 ዓመት ላይ ጂሲኤስኢ፣ 18 ዓመት ላይ ኤ ሌቭል ይፈተናሉ። ፈተናውን የሚያዘጋጁት ደግሞ ኤኪውኤ፣ ኤዴክሴል፣ ኦሲአር እና ኤዱካስ የሚባሉ የተለያዩ ቦርዶች ናቸው። አንዱ ከሌላው ይቀላል የሚለው ወሬ ከዚህ ይነሳል። ብዙ ወላጅ በዚህ ሲጨነቅ አያለሁ። ጭንቀቱ ግን ያለ ቦታው ነው።

“የእነ እገሌ ልጅ ኤ ያመጣው ቦርዱ ቀላል ስለሆነ ነው”

ጥርጣሬው ከመሬት አልተነሳም። ቦርዶቹ ትምህርት ቤቶችን እንደ ደንበኛ ይሻማሉ። በፈረንጆቹ 2011 የዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጠኞች ማንነታቸውን ደብቀው ለመምህራን የተዘጋጁ ሴሚናሮች ላይ ገቡ። ፈታኞች ስለሚመጣው ፈተና ፍንጭ ሲሰጡም ቀረጹ። አንዲት ከፍተኛ ፈታኝ የራሷ ቦርድ የጂኦግራፊ ፈተና ብዙ ማስተማር እንደማይጠይቅ ስትናገር ተሰማች። አገር ተንጫጫ። የትምህርት ሚኒስትሩ ማይክል ጎቭ በ2012 ለአንድ የትምህርት ዓይነት አንድ ቦርድ ብቻ ይኑር የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ በ2013 ግን ተዉት።

ታዲያ ዛሬስ? ኦፍኳል የሚባል ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ውጤት ከመውጣቱ በፊት የቦርዶቹን የውጤት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያያል። የኤ ሌቭል ተፈታኞች ቀደም ሲል በጂሲኤስኢ ካመጡት ውጤት በመነሳት ስንቱ ኤ፣ ስንቱ ቢ ሊያገኝ እንደሚችል ይገመታል። አንድ ቦርድ ከዚያ ርቆ ኤ ቢያድል ለምን እንደሆነ ማስረዳት አለበት። ይዘቱም ቢሆን ድሮ እንደነበረው የተራራቀ አይደለም። የኤ ሌቭል ሒሳብ ከ2017 ጀምሮ መንግሥት በወሰነው አንድ ይዘት ነው የሚሰጠው። ልዩነቱ በጥያቄ አቀራረብ፣ በታሪክ ደግሞ በሚመረጠው ዘመን፣ በሥነ ጽሑፍ በሚነበቡት መጻሕፍት ላይ ነው። አንዱ ልጅ ይሄኛው ይመቸዋል፣ ሌላው ያኛው። ግሬዱ ግን በርካሽ አይገኝም።

“በትንሽ ማርክ ኤ የሚሰጠው ቦርድ ይሻላል”

ለእያንዳንዱ ግሬድ ስንት ማርክ እንደሚያስፈልግ የሚያሳየው መስመር የሚወሰነው ልጆቹ ከተፈተኑ በኋላ ነው። ፈተናው ከበድ ካለ መስመሩ ዝቅ ይላል፣ ቀለል ካለ ከፍ ይላል። ስለዚህ ዝቅተኛ መስመር ብዙውን ጊዜ የከባድ ፈተና ምልክት ነው። ደግሞ ጠቅላላ ማርኩም እኩል አይደለም። የጂሲኤስኢ ሒሳብ በኤኪውኤ እና በኤዴክሴል ከ240፣ በኦሲአር ከ300 ነው የሚታረመው።

“ዩኒቨርሲቲዎች የቦርዱን ስም አይተው ይንቃሉ”

አይንቁም። ዩኒቨርሲቲ ኤኤቢ (ሁለት ኤ እና አንድ ቢ) ካለ ኤኤቢ ነው፤ ከየትኛው ቦርድ አይልም። በማመልከቻ ማዕከሉ በዩካስ ነጥብ አሰጣጥም አንድ የኤ ሌቭል ኤ ከየትም ይምጣ 48 ነጥብ ነው።

የሚያዩት ሌላ ነገር ነው። የትምህርት ዓይነቱን ያያሉ፤ ያለ ሒሳብ ኢንጂነሪንግ መግባት ከባድ ነው። በሳይንስ ትምህርቶች የላብራቶሪ ሥራውን ማለፍ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ለሕክምና ዩካት የሚባል፣ አንዳንድ የሕግ ፋኩልቲዎች ደግሞ ኤልናት የሚባል የመግቢያ ፈተና ይጠይቃሉ።

የልጁን ሁኔታም ያያሉ፤ ይሄንን የማያውቅ ወላጅ ብዙ ነው። ውጤቱ ደካማ በሆነ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ወይም በቤተሰቡ ገቢ ምክንያት ነፃ የትምህርት ቤት ምሳ የሚያገኝ ልጅ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ወይም ሁለት ግሬድ ዝቅ ባለ ውጤት ሊገባ ይችላል። ከእኛ ልጆች መሃል ይሄ የሚመለከታቸው አሉ። መስፈርቱ እንደየዩኒቨርሲቲው ስለሚለያይ ከማመልከታችሁ በፊት ጠይቁ። አያሳፍርም።

“ቦርድ እናስቀይርለት”

አይሆንም። የሚመርጠው ትምህርት ቤቱ ነው፣ ያውም ለየትምህርቱ ለብቻ። አንድ ልጅ በሦስት ቦርድ ሊፈተን ይችላል። ይልቅ የልጃችሁን ቦርድ ስም እና የፈተናውን ኮድ እወቁ፤ ለምሳሌ የኤኪውኤ የጂሲኤስኢ ሒሳብ 8300 ነው። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች በቦርዶቹ ድረ ገጽ በነፃ ይገኛሉ። ኮሌጅ ገብቶ ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ የሚደግም ልጅ ቦርዱ ሊቀየርበት ስለሚችል እንደገና አጣሩ።

“ዋናው ቦርዱ ነው”

ከቦርዱ ይልቅ ደረጃው ነው ሊያስጨንቀን የሚገባው። የጂሲኤስኢ ሒሳብ በሁለት ደረጃ ይሰጣል፤ ቀለል ያለው ፋውንዴሽን እና ከበድ ያለው ሃየር። ሳይንስ እና የውጭ ቋንቋዎችም እንዲሁ። የጂሲኤስኢ ግሬድ በቁጥር ነው፣ ከፍተኛው 9፤ በፋውንዴሽን የሚፈተን ልጅ ሁሉንም ጥያቄ ቢመልስ እንኳ ከ5 በላይ አያገኝም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ኤ ሌቭል ሒሳብ ለማስጀመር 6 ወይም 7 ይጠይቃሉ። ወላጅ ልጄ ኢንጂነር ይሆናል እያለ መንገዱ በ16 ዓመቱ ሊጠብ ይችላል ማለት ነው፤ በየትኛውም ቦርድ።

ሃየር ለሁሉም ይበጃል ማለቴ አይደለም። በጣም ዝቅ ያለ ማርክ ያመጣ ልጅ ምንም ግሬድ ሳያገኝ ሊቀር ይችላል፣ መምህራኑም የሚፈሩት ይሄንን ነው። ግን ውሳኔው ሳትሰሙ አይለፍ። የወላጆች ስብሰባ ላይ “ልጄ በየትኛው ደረጃ ነው የሚፈተነው? ሃየር ለመግባት ምን ይጎድለዋል?” በሉ። እንግሊዝኛው ካልቀናችሁ አስተርጓሚ እንዲፈልጉላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። የተፈታኞች ምዝገባ ወደ ቦርዱ የሚላከው አብዛኛውን ጊዜ በፌብሩዋሪ ስለሆነ፣ ጥያቄው ከፈረንጆቹ ገና በፊት ቢነሳ ልጁ ለመዘጋጀት ጊዜ ያገኛል።