«እኔ ሰብስቤ በአንድ ቼክ እሰጣለሁ»፦ ስለ አሜሪካ የምርጫ ገንዘብ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ እንጀራዬም የታክስና የሂሳብ ሥራ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ለሦስት የምርጫ ዘመቻዎች በበጎ ፈቃድ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ሠርቻለሁ። ዕጩው ንግግሩን አድርጎ፣ በየጠረጴዛው ፎቶ ተነሥቶ ከሄደ በኋላ ወንበር ስቦ ከቼኮቹ ጋር የሚፋጠጠው ገንዘብ ያዡ ነው፤ ሪፖርቱ ላይ የሚፈርመውም፣ ስሕተት ሲገኝ ደብዳቤ የሚደርሰውም እሱው ነው። በዚህ ምክንያት ወገኖቻችን ስለ ምርጫ ገንዘብ የሚሉትን በቅርብ እሰማለሁ፤ በየሁለት ዓመቱ የምሰማው ደግሞ ያንኑ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ፌዴራል ምርጫ፣ ማለትም ስለ ፕሬዚዳንት፣ ስለ ሴኔትና ስለ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ስቴቶችና ከተሞች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ለዕጩ የሰጠሁት ከታክሴ ላይ ይቀነስልኛል።» አይቀነስም። በየዓመቱ መጋቢት ላይ የልገሳ ደረሰኝ ይዘው ለሚመጡት ደንበኞቼ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚረዝም መልስም የለውም።

«በታክስ ቅጹ ላይ የ3 ዶላሯን ሣጥን ምልክት ካደረግሁ ተመላሼ ይቀንሳል።» ለፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ፈንድ የምትውለው ያቺ ሣጥን ታክስ አትጨምርም፣ ተመላሽም አትቀንስም። ቅጹ ራሱ እዚያው ላይ ጽፎታል፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ።

«ዜጋ ያልሆነ ሰው መስጠት አይችልም።» ይህ ግማሹ እውነት ነው። ግሪን ካርድ ያለው ቋሚ ነዋሪ መስጠት ይችላል፤ በ2025 እና በ2026 የምርጫ ዙር ለአንድ ዕጩ ለቅድመ ምርጫው እስከ 3,500 ዶላር፣ ለዋናው ምርጫም ሌላ 3,500 ዶላር፣ ልክ እንደ ዜጋው። ግሪን ካርድ ያልያዘ የውጭ ዜጋ ግን፣ የጥገኝነት ጉዳዩ በመታየት ላይ ያለም ሆነ በጊዜያዊ ከለላ፣ በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ የሚኖር፣ አንድ ዶላርም መስጠት አይፈቀድለትም፤ ይህ ክልከላ ደግሞ ከፌዴራል አልፎ እስከ ከተማ ምርጫ ይወርዳል። አዲስ አበባ ያለ ወንድምዎ «ከእኔም ጨምርልኝ» ብሎ የላከው ገንዘብም እንዲሁ ነው። እነዚህ ሰዎች በር እያንኳኩ ቢቀሰቅሱና ስልክ ቢደውሉ፣ ማለትም ያለ ክፍያ በጉልበታቸው ቢያግዙ ግን የሚከለክላቸው የለም። ባለ ግሪን ካርዶችም ገንዘባችሁ ስለተፈቀደ ድምፃችሁ የተፈቀደ እንዳይመስላችሁ፤ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ዜጋ ብቻ ነው፤ «ዜጋ ነኝ» ብሎ ተመዝግቦ መምረጥም ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «አንተ አትቸገር፣ እኔ ከሁሉም ሰብስቤ በአንድ ቼክ እሰጣለሁ።» ይህን ንግግር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ካቆምኩ ቆይቻለሁ። የሚሉት ሰዎች ደግሞ አጭበርባሪዎች አይደሉም፤ የዕቁብ ዳኞች፣ የዕድር ሰብሳቢዎች፣ ሰው ሲሞት አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚላክበትን ገንዘብ በአንድ ሌሊት ደውለው የሚያሟሉ፣ ሁሉም የሚያምናቸው ሰዎች ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሬስቶራንት ምድር ቤት በተዘጋጀ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ምሽት አንድ የተከበሩ ሰው ወፍራም ፖስታ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ውስጡ 2,600 ዶላር ጥሬ ገንዘብና ከደብተር የተቀደደ አንድ ቅጠል ነበር። ቅጠሉ ላይ «ጋሽ ታዴ 100፣ የአስቴር ባል 50፣ ከሥራ ቦታ ልጆች 300፣ ስሜ አይጠቀስ 200» እያለ እስከ ግርጌው ይወርዳል። ከዚያም የቼክ ደብተራቸውን አውጥተው «ጥሬውን እኔ ባንክ አስገባዋለሁ፤ 2,600 በስሜ ልጻፍልህ» አሉኝ። እንደማልቀበል ስነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሃያ ዓመት ዕቁብ ስሰበስብ አንድ ሳንቲም ጎድሎብኝ አያውቅም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም የጠረጠርኩት እሳቸውን አልነበረም።

ሕጉ የሚለው ይህን ነው፦ በሌላ ሰው ስም መስጠት ክልክል ነው፤ ስምን ለዚህ ማዋስ ክልክል ነው፤ ይህን እያወቁ መቀበልም ክልክል ነው። በእሳቸው ቼክ የሃያ ሰው ገንዘብ ብቀበል ሰጪዎቹም፣ እሳቸውም፣ እኔም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነን። ጥሬ ገንዘብ ደግሞ የራሱ ጣሪያ አለው፤ ከአንድ ሰው ለአንድ ዘመቻ ከ100 ዶላር በላይ በጥሬው አይሰጥም፤ ስሙ ካልታወቀ ሰውም ከ50 ዶላር በላይ አይያዝም። ስለዚህ «ስሜ አይጠቀስ» ያሉት ሰው 200 ዶላር ብቻውን በሁለት በኩል ሕግ ይጥሳል። «ከሥራ ቦታ ልጆች» ውስጥ ስንቱ ግሪን ካርድ እንዳለው ደግሞ ቅጠሉ አይናገርም።

በእኛ ዘንድ መዋጮ ሲወጣ ስምን መሸሸግ ትሕትና ነው፤ «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» ሲባል ያደግን ሰዎች ነን። በምርጫ ገንዘብ ግን ስም የሚመዘገበው ለጋሹን ለማክበር አይደለም፤ ልኩን ለመቆጣጠር ነው። አንዱ ለሌላው መስጠት ቢችል የ3,500 ዶላሩ ጣሪያ ትርጉም አይኖረውም፤ ባለጸጋው በአሥር የአጎት ልጆች ስም 35,000 ዶላር ያስገባል፣ ዕጩውም ማንን ማመስገን እንዳለበት ያውቃል፣ የማናውቀው እኛ መራጮቹ ነን።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሕግ የሚመስለው ካለ የዲነሽ ዲሱዛን ጉዳይ ያስታውስ። ይህ ታዋቂ የፖለቲካ ተንታኝ በ2012 በኒው ዮርክ ለሴኔት ለተወዳደረች ወዳጁ 20,000 ዶላር በሌሎች ሰዎች ስም አስሰጥቶ ገንዘቡን ለሰዎቹ መልሶላቸዋል። ወዳጁ በሰፊ ልዩነት ተሸነፈች፤ እሱ ግን በ2014 ጥፋተኝነቱን አምኖ ስምንት ወር በማረሚያ ማደሪያ፣ አምስት ዓመት በገደብ፣ በተጨማሪም 30,000 ዶላር ተፈረደበት። በ2018 ከፕሬዚዳንቱ ይቅርታ አግኝቷል፤ ለእኔና ለእናንተ ግን ዋይት ሀውስ ስልክ የሚያነሣልን አይመስለኝም።

አንድ ደንበኛዬ ስለ ታክስ እየተነጋገርን ሳለ፣ አዲስ ዘዴ እንዳገኘ ሰው ፈገግ ብሎ «ስምንቱን ሠራተኞቼን ቼክ ላስጽፋቸውና በቦነስ ልመልስላቸው፤ ቦነሱ ደግሞ የድርጅቱ ወጪ ሆኖ ይያዝልኛል» አለኝ። በአንድ ትንፋሽ የምርጫ ሕግንም የታክስ ሕግንም መጣስ ችሎታ ይጠይቃል። በስድስት ዓመት ልጅ ስም የሚጻፍ ቼክም ከዚህ አይለይም፤ ልጅ መስጠት የሚችለው በራሱ ገንዘብና በራሱ ፈቃድ ብቻ ነው። ባልና ሚስት ግን፣ ገቢ ያለው አንዳቸው ብቻ ቢሆንም፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጣሪያ አላቸው፤ የጋራ ቼክ ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙበት።

መሰብሰብ የሚወድ ሰው ደግሞ ተስፋ አይቁረጥ። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም የጻፈውን ቼክ ከነስሙና ከነአድራሻው ተቀብሎ በ10 ቀን ውስጥ ለገንዘብ ያዡ ማድረስ የተፈቀደ ነው። ዘመቻዎች እንዲህ ያለ ሰው በመብራት ይፈልጋሉ።

«ምግቡን ሬስቶራንቱ ቻለው እንጂ ገንዘብ አልሰጠም።» ነጻ ክትፎም መዋጮ ነው። ሬስቶራንቱ በኮርፖሬሽን የተቋቋመ ከሆነ ደግሞ በሕግ የተከለከለ መዋጮ ነው። ምግቡን ከወትሮው ዋጋ ቀንሶ መሸጥ ግን ይችላል፤ ቢያንስ ወጪውን እስከሸፈነና ቅናሹ ለአንድ ዕጩ በአንድ ምርጫ ከ1,000 ዶላር እስካላለፈ ድረስ። በቤትዎ እንግዳ ጠርተው ዶሮ ወጥ ቢያቀርቡም ለምግቡ፣ ለመጠጡና ለጥሪ ወረቀቱ ያወጡት እስከ 1,000 ዶላር ድረስ እንደ መዋጮ አይቆጠርም። ከታክስ ነጻ የሆነ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም የኮሚዩኒቲ ማኅበር ከካዝናው ለዕጩ መስጠት አይችልም፤ ይህ ክልከላ ከ1954 ጀምሮ አለ።

«ከ2010ሩ ፍርድ ወዲህ ኩባንያ ለዕጩ እንደፈለገ ይሰጣል።» ኩባንያ በፌዴራል ምርጫ ለዕጩ በቀጥታ መስጠት ከ1907 ጀምሮ ክልክል ነው፤ ዛሬም ክልክል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ሲቲዝንስ ዩናይትድ በተባለው መዝገብ አምስት ለአራት የወሰነው ኩባንያና የሠራተኛ ማኅበር ከዕጩው ጋር ሳይመካከሩ በራሳቸው የፈለጉትን ያህል ማውጣት ይችላሉ ብሎ ነው። በዚያው ዓመት ሌላ የፌዴራል ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔ ሱፐር ፓክ የሚባሉት፣ ለዕጩ ሳይሰጡ በራሳቸው ብቻ የሚያወጡ ቡድኖች ያለ ጣሪያ ገንዘብ እንዲሰበስቡ በር ተከፈተ። «ሳይመካከሩ» የምትለው ቃል ምን ያህል እንደምትለጠጥ ላየ ሰው ልዩነቱ ቀጭን ነው፤ እኔም አልከራከርም። ቢሆንም ሕጉን ሳያውቁ ሕጉን መርገም አይጠቅምም።

«ብዙ ገንዘብ ያለው ያሸንፋል።» ሜሪላንድ ውስጥ ሆኖ ይህን የሚል ሰው በ2024 የት ነበር? ዴቪድ ትሮን ለሴኔት ቅድመ ምርጫ ከራሱ ኪስ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሶ በአንጄላ ኦልሶብሩክስ ተሸነፈ። ማይክል ብሉምበርግ በ2020 ለዴሞክራቲክ ፓርቲ የፕሬዚዳንት ዕጩነት ተወዳድሮ፣ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ያሸነፈው የአሜሪካን ሳሞአን ግዛት ብቻ ነው። በእርግጥ ብዙ ጊዜ ብዙ ያወጣው ያሸንፋል፤ ነገር ግን ገንዘብ ራሱ ያሸንፋል ወደተባለው እየተከተለ ስለሚሄድ የትኛው የትኛውን እንዳመጣው መለየት ቀላል አይደለም። እኔ ከጠረጴዛዬ ኋላ ሆኜ ያየሁት የገንዘብ ጉልበት ከምርጫው ቀን ብዙ ወራት ቀድሞ የሚታይ ነው፦ ጥሩ ሰው ለመወዳደር አስቦ፣ ስልክ ይዞ በቀን አራት ሰዓት መለመን እንዳለበት ሲነገረው ሐሳቡን ሲተው።

«ማን እንደሰጠ አይታወቅም፤ ሁሉም ከመጋረጃ ጀርባ ነው።» ይህን የሚሉት አንድም ቀን የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽንን ድረ ገጽ ከፍተው የማያውቁ ናቸው። በምርጫው ዙር ውስጥ ለአንድ ዕጩ በድምሩ ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙ፣ ከተማው፣ ሙያውና አሠሪው እዚያ ላይ በነጻ ይታያል፤ የጎረቤትዎን ስም ጽፈው መሞከር ይችላሉ። ኢሎን መስክ በ2024 ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማውጣቱን ያወቅነው ከእነዚሁ ሪፖርቶች ነው። በዚያው ዓመት ፌርሼክ የተባለው የሱፐር ፓኮች ስብስብ በኦሃዮ የሴኔት ውድድር ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ሲያወጣ ገንዘቡ እንደ ኮይንቤዝና ሪፕል ካሉ የክሪፕቶ ኩባንያዎች መምጣቱ ተመዝግቦ ነበር።

መጋረጃው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሱፐር ፓክ ለጋሾቹን መግለጽ ግዴታው ነው፤ ነገር ግን ለጋሹ ራሱ «የማኅበራዊ ደኅንነት» ድርጅት ተብሎ የተመዘገበ ማኅበር ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ማኅበር ደግሞ የለጋሾቹን ስም ለሕዝብ እንዲገልጽ አብዛኛውን ጊዜ አይገደድም። ሪፖርቱን የሚያነብ ሰው ስለ ነጻነት ወይም ስለ ቤተሰብ የሚያወራ ያማረ ስም ያገኝና እዚያው ላይ ይቆማል። በምርጫው መዳረሻ ቀናት የሚፈለፈሉ ሱፐር ፓኮችም አሉ፤ ወጪያቸውን ወዲያው ቢያስታውቁም የለጋሾቻቸው ስም የሚወጣው ድምፅ ተሰጥቶ ካለቀ በኋላ ነው። መቆጣት ካለብን በዚህ ነው።

«ኮሚሽኑ ስለፈረሰ የሚጠይቅ የለም።» አልፈረሰም። ስድስት ወንበሮች አሉት፤ ከሦስት በላይ የአንድ ፓርቲ ሰው አይቀመጥበትም፤ ለመወሰን አራት ድምፅ ያስፈልገዋል፤ ገና ሲቋቋም እንዲህ ሁለት ቦታ ተከፍሎ እንዲቆም የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። በ2025 ጸደይም ምልዓተ ጉባኤውን አጥቷል። ሪፖርት የማቅረብ ግዴታው ግን አልቆመም፤ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥሰትን በወንጀል የሚከስሰውም ኮሚሽኑ ሳይሆን የፍትሕ ሚኒስቴር ነው፤ ክስ ለመመሥረትም አምስት ዓመት አለው።

የመጨረሻው፦ «ሥራዬንና አሠሪዬን የሚጠይቁኝ ሊሰልሉኝ ነው።» የአንድ ድርጅት ሠላሳ ሠራተኞች በአንድ ሳምንት እኩል ገንዘብ ሲሰጡ ጋዜጠኛ የሚነቃው በዚያች መስመር ነው፤ የደንበኛዬን የቦነስ ዘዴ የምታጋልጠውም እሷው ናት። ዝርዝሩን ወስዶ ለንግድ ወይም ለሌላ ልመና መጠቀም ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው።

ፖስታ ያመጡት ሰው በሚቀጥለው ምርጫ ተመልሰው መጡ፤ በዚህ ጊዜ 19 ቼኮችና 19 የተሞሉ ቅጾች ይዘው፣ ፊታቸው ግን አሁንም አልተፈታም። ከቅጾቹ ባንዱ ላይ 250 ዶላር የሰጡ አንድ አባት ሙያና አሠሪ በሚለው ቦታ «ይታወቃል» ብለው ጽፈዋል። እንዲህ ያለ መረጃ ሲጎድል ገንዘብ ያዡ በ30 ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ መልሶ መጠየቅ ስላለበት ደወልኩላቸው። «ልጄ፣ አርባ ዓመት ታክሲ ስነዳ በዚህ ከተማ ያልጫንኩት ሐበሻ አለ?» አሉኝ። ሙያ፦ የታክሲ ሹፌር፤ አሠሪ፦ ራሳቸው ብዬ መዘገብኩ።