«ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም»፦ ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ተማሪዎችና ስፖርታቸው የምንሳሳተው

የዛሬው የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ገንዘብ ይሄዳል። ግዙፍ ስታዲየም፣ የቴሌቪዥን ውል፣ ሚሊዮኖች የሚከፈለው አሰልጣኝ። ወዲያው ደግሞ «ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም» ይባላል። ያንን ድሮ ቀረብ ብሎ ላየው ግን ነገሩ ሌላ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ድሮ ገንዘብ አልገባበትም»

ከሁሉም የባሰው ስህተት ይሄ ነው። ሁለት የአሜሪካ ኮሌጆች ለመጀመሪያ ጊዜ በስፖርት የተገናኙት ኦገስት 3 ቀን 1852 ነው። ሃርቫርድና ዬል በዊኒፔሳኪ ሐይቅ፣ በጀልባ ቀዘፋ። ሐሳቡን ያቀረበው የባቡር ኩባንያ ኃላፊ ነበር። ውድድር ለማየት የሚመጣ ሰው ባቡር ይሳፈራል፤ ስለዚህ ኩባንያው የተማሪዎቹን ወጪ ቻለ። ለልጆቹ ነጻ ሽርሽር ሆነላቸው። ሃርቫርድ አሸንፎ በብር ያጌጡ ጥንድ መቅዘፊያዎች ተሸለመ። ሽልማቱን የሰጠው ፍራንክሊን ፒርስ ነው፤ ያኔ ለፕሬዚዳንትነት እየተወዳደረ ነበር፤ በዚያው ዓመት ተመረጠ። እንግዲህ ስፖንሰሩም ፖለቲከኛውም ገና በመጀመሪያው ቀን እዚያው ነበሩ።

በ1855 እንደገና ሲገናኙ ደግሞ ጭቅጭቅ ተነሳ። የሃርቫርድን ጀልባ የመራው ሰው ያኔ ተማሪ አልነበረም። ማን መሰለፍ ይችላል የሚለው ክርክር እንደዚህ የቆየ ነው።

«ስፖርቱን የመሠረቱት ዩኒቨርሲቲዎቹ ናቸው»

ተማሪዎቹ ናቸው እንጂ። ክለብ ያቋቋሙት፣ መዋጮ ያሰባሰቡት፣ ደንብ ያወጡት፣ አምበል የመረጡት እነሱ ናቸው። በብዙ ኮሌጆች ቀኑ በግዴታ ጸሎት ይጀመራል፤ ክፍል ውስጥ ያጠኑትን በቃል መወጣት ነው። ትንፋሽ የሚያገኙት ሜዳ ላይ ነበር።

አስተዳደሩ በብዛት የሚታወቀው በመከልከል ነው። ሃርቫርድ በ1860 የአዲስ ገቢዎችንና የሁለተኛ ዓመቶችን የኳስ ፍልሚያ አገደ። ፍልሚያው ቡጢ የበዛበት ስለነበር መምህራኑ ምክንያት ነበራቸው። ተማሪዎቹ ግን ኳሷን ሬሳ ሳጥን ውስጥ አስገብተው፣ ሙሾ አውጥተው፣ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሯት። የኮርኔል ፕሬዚዳንት አንድሩ ዋይትም በ1873 ተማሪዎቻቸው ከሚሺጋን ጋር ሊጫወቱ ሲጠይቁ፣ በንፋስ የተሞላ ከረጢት ለማንገላታት 30 ሰው 400 ማይል እንዲጓዝ አልፈቅድም አሉ።

«የ1869ኙ ግጥሚያ የዛሬው የአሜሪካ ፉትቦል ነው»

በስም ብቻ። የመጀመሪያው የኮሌጅ ፉትቦል ግጥሚያ በሚባለው በዚያ ጨዋታ ራትገርስ ፕሪንስተንን 6 ለ 4 ሲረታ በየቡድኑ 25 ሰው ነበር፤ ኳስ ይዞ መሮጥም መወርወርም ክልክል ነበር። 11 ተጫዋች የሆነው በ1880 ነው።

«ጥቁሮችና ሴቶች አልነበሩበትም»

በሩ ጠባብ ነበር፤ ግን የገቡ አሉ። በቫሳር የሴቶች ኮሌጅ በ1866 የቤዝቦል ቡድኖች ነበሩ። በ1896 የስታንፎርድና የበርክሌይ ሴቶች በቅርጫት ኳስ ሲገጥሙ ወንድ ተመልካች አልገባም፤ ስታንፎርድ 2 ለ 1 አሸነፈ።

ዊሊያም ሄንሪ ሉዊስን በተለይ ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ወላጆቹ በባርነት የኖሩ ናቸው። እሱ በ1891 የአምኸርስት ፉትቦል ቡድን አምበል ሆነ፤ ሃርቫርድ ሕግ ሲማር ደግሞ በ1892 እና በ1893 ከአገሪቱ ምርጥ ተጫዋቾች ተርታ ተመረጠ። በ1911 የአሜሪካ ረዳት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኗል።

«ወደ አቴንስ ኦሊምፒክ የላኳቸው ዩኒቨርሲቲዎቻቸው ናቸው»

ጄምስ ኮኖሊ ከሃርቫርድ ፈቃድ ጠይቆ ተከለከለ። ትምህርቱን ጥሎ ሄደ። ኤፕሪል 6 ቀን 1896 በሱሉስ ዝላይ አሸንፎ የዘመናዊው ኦሊምፒክ የመጀመሪያው አሸናፊ ሆነ። የፕሪንስተኑ ሮበርት ጋሬት የራሱንና የሦስት ጓደኞቹን ወጪ ከኪሱ ከፈለ። ዲስከስ፣ ማለትም በውድድር የሚወረወረው ክብ ዝርግ ዕቃ፣ ምን እንደሚመስል በቅጡ ስለማያውቅ ለልምምድ አንድ አሠርቶ ነበር፤ ከልክ በላይ ከባድ ሆነበትና ተወው። አቴንስ ሲደርስ እውነተኛው ቀላል መሆኑን አየ። ተመዘገበ፤ በገዛ አገራቸው ግሪኮቹን በልጦ አሸነፈ።